ለአባባ የሚያነሳ ሶፋ ስገዛ፦ ምነው መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ጽሑፉን ባነበብኩ!

ሪሞት ሲጫኑት ከፍ ብሎ ሰውን የሚያቆም፣ ወደ ኋላም የሚያስተኛ ባለ ሞተር ሶፋ ጉልበቱ ለከዳው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ለአባባ ያመጣሁት ግን ጅማ ከገባ በኋላ ለሳምንታት ከተራ ሶፋ ያነሰ ነገር ሆኖ ተቀመጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግማሹ ደግሞ «ሶኬቱን ቀይሬዋለሁ፣ አትጨነቅ» ብሎ የሸጠልኝ ሰው ነው፤ እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

መጀመሪያ ሞተር ያስፈልግ እንደሆነ ለዩ። ሰውየው ከፍ ካለ ወንበር ላይ ክንዱን ተደግፎ ራሱን ችሎ የሚነሳ ከሆነ፣ የቸገረው ዝቅ ያለ መቀመጫ እንጂ ሌላ አይደለም። የኛ ሰው ሶፋ ሲያሠራ ዝቅ ያለና ጥልቅ ያለ ይወዳል። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማማ ውበቱ ሌላ ነገር ሆኖ፣ ለታመመ ጉልበት ጠላት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አናጢ ከዋንዛ 8 ሳ.ሜ ከፍታ ያለው ማሳደጊያ ይሥራለት፤ የሶፋው አራት እግሮች ቢያንስ 4 ሳ.ሜ ጠልቀው የሚገቡበት ጉድጓድ ያለው፣ አራቱም በአንድ ፍሬም የተያያዙ። ጡብ ወይም ብሎኬት መደርደር የለም፤ ሰው ሲነሳ ሶፋውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ይንሸራተታል። ስፖንጁም በጠንካራ ይቀየር። በዚህ መነሳት ለቻለ ሰው ሞተር መግዛት እግሩን ማስነፍ ነው ባይ ነኝ፣ ሻጮች ደስ ባይላቸውም። ሞተር የሚገባው ስትሮክ አንድ ጎኑን ለያዘው፣ ፓርኪንሰን (የሚያንቀጠቅጥ ሕመም) ላለበት፣ ሁለቱም ጉልበቱ ለማይታዘዝለት፣ ወይም ደጋፊው ራሱ ወገቡን ለታመመ ቤት ነው።

ልኬት ቀላል ነው፣ ግን በወረቀት ጻፉት። ሰውየው ቤት ውስጥ የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ ደልዳላ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ከወለል እስከ ጉልበቱ እጥፋት ያለው የመቀመጫው ከፍታ ነው፤ የአባባ 43 ሳ.ሜ ነበር። ከዳሌው ኋላ እስከ ጉልበቱ እጥፋት ያለው 47 ከሆነ፣ 3 ወይም 4 ቀንሳችሁ የመቀመጫው ጥልቀት 43 ወይም 44 ይሁን። ስፋቱ ዳሌው ላይ 5 ሳ.ሜ ተጨምሮበት ነው። ያለ ሰው የተለካ ከፍታ ያታልላል፤ ስፖንጅ ሰው ሲቀመጥበት ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ ይሰምጣልና ሰውየው ተቀምጦበት ለኩ። የእኔው ሶፋ ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ጥልቀቱ 55 ሳ.ሜ ነበር። እንዲህ ሲሆን ሰው ጀርባውን ለማስደገፍ ወደ ኋላ ሲሄድ እግሩ ይንጠለጠላል፤ እግሩን መሬት ሊያስነካ ሲል ደግሞ ተንሸራቶ ወገቡ ላይ ይተኛል። ከኋላ 10 ሳ.ሜ ጠንካራ ስፖንጅ ጨርቅ አልብሼ አሰርኩበትና ተስተካከለ። ከፍታው ከበዛ ግን ከእግር በታች ሳጥን አታስቀምጡ። ሶፋው ሲያነሳ ሰውየው ሳጥን ላይ ይቆምና የመጀመሪያው እርምጃው ውድቀት ይሆናል።

አሁን ወደ ቆሽቴን ወዳሳረረው ነገር፣ ወደ ኤሌክትሪኩ።

ከሶፋው ሥር ገመዱ የሚገባበት ጥቁር ሳጥን አለ፤ ትራንስፎርመሩ ነው። ጀርባው ላይ «ኢንፑት» የሚለውን መስመር አንብቡ። «100–240» ካለ ያለ ሐሳብ ሰኩት። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ካለ የኛ መስመር 220 ቮልት ነውና አትንኩት። ሻጩ ሶኬቱን መቀየሩ ቅርጹን ቀየረ እንጂ ቮልቱን አልቀየረም። እኔ ይህንን አውቃለሁ፣ ያኔም አውቅ ነበር፤ ሳላነብ ሰካሁት። ጧ አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ አበቃ። ደግነቱ ሞተሩ ተረፈ። ሞተሩ የሚጠቀመው ከሳጥኑ የሚወጣውን ዝቅተኛ ቮልት ነው፤ በብዙዎቹ ሶፋዎች 29 ቮልት ዲሲ፣ 2 አምፔር ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ሲቃጠል ሶፋው ሞተ ብላችሁ አትጣሉት።

ሁለተኛው ስህተት ጥገና ቤት ነው። ባለሙያው የካሜራ አዳፕተር፣ 12 ቮልት 2 አምፔር ሰጠኝ፤ ሞከርነው፣ ሶፋው ቀስ እያለ ተነሳ። እሰይ ብለን ሂሳብ ከፈልን። ቤት አባባ ሲቀመጡበት እያቃሰተ ቆመ። ባዶ ሶፋን ደካማ ቮልት ያነሳዋል፣ ሰውን ግን አይችልም። ስለዚህ ሙከራ ሁልጊዜ የታማሚውን ያህል ክብደት ባለው ጤነኛ ሰው ይሁን። ምትክ ሳጥን ስትፈልጉ ከአሮጌው ላይ «አውትፑት» የሚለውን ቮልትና አምፔር፣ የመሰኪያውን ቅርጽ፣ የፕላስና ማይነሱን አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። በቀላሎቹ ሶፋዎች ፕላስና ማይነስ ከተገለበጠ የማንሻው ቁልፍ ያስተኛል፤ ግራ የገባውን ሽማግሌ ለማስፈራት ይበቃል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፦ መብራት ሲጠፋ። አባባ ተኝተው፣ እግራቸው ከፍ ብሎ ሳለ መብራት ሄደ። በእጅ ገፍቼ ልመልሰው ብል አልነቃነቅ አለ። ሞተሩ ሶፋውን የሚገፋው በብሎን ጥርስ ስለሆነ፣ ከውጭ በመግፋት ወደ ኋላ አይዞርም። ሰው እንዳይወድቅ ታስቦ የተሠራ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን እስር ቤት ነው። ከሞተሩ ጫፍ ያለውን ፒን ነቅሎ መልቀቅ ይቻላል የሚሏችሁን አትስሙ፤ ሰው ተቀምጦበት ከተነቀለ ሶፋው በአንዴ ይወድቃል። «ልጄ፣ ተወው፣ እስኪመጣ ልተኛ» አሉኝ አባባ። ሁለት ሰዓት ተኙ። ሽንት ቤት ቢፈልጉ ኖሮስ?

የሶፋው መመሪያ ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ትራንስፎርመሩ ሳጥን ውስጥ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይገባል። ወረቀት ላይ ያምራል። እነዚህ ባትሪዎች አልካላይን ከሆኑ ተኝቶ ያለውን ሶፋ አንዴ፣ ቀስ ብለው ወደ መቀመጫ ይመልሱታል፤ ሰውየው እስኪቆም ማንሳትን ግን አትጠብቁባቸው። ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚሸጡት አልካላይን ያልሆኑት ደግሞ ያን ያህል ከረንት ስለማይሰጡ ጭራሽ አያነቃንቁትም። ገዝቼ ያየሁት ነው።

መመሪያውን ትቼ ያደረግሁት ይህ ነው። የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው ዕቃ) ባትሪ፣ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት የሆነውን ሁለት ገዝቼ በተከታታይ አስገጠምኩ፤ 24 ቮልት ይሆናል። ሶፋው ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ሰው ይዞ ያነሳል። ሦስት ነገር አይቀነስበት፦ ከባትሪው ፕላስ አጠገብ 5 አምፔር ፊውዝ፣ ከትራንስፎርመሩ ሳጥን የሚወጣውንና ከባትሪው የሚመጣውን ገመድ አንዱን ብቻ ከሶፋው ጋር የሚያገናኝ መቀያየሪያ ማብሪያ፣ እና አየር የሚገባበት ሳጥን ከሶፋው ውጭ፣ ከግድግዳ ሥር። ሶፋው ሲወርድ የሚታጠፈው ብረት ገመድ ስለሚቆርጥ ባትሪ ከሶፋው ሥር አይቀመጥም። ባትሪዎቹ በ12 ቮልት ቻርጀር ተለያይተው ይሞላሉ። ይህን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው፣ የወንድም ልጅ አይሞክርበት።

መመሪያው «በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰኩ» ይላል። እኔ በስታብላይዘር ነው የምሰካው፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ዝላይ ሳጥኑን እንዳይበላው፣ ኃይል ከተመለሰ በኋላ ደቂቃዎች ቆይቶ የሚለቅ ዓይነት ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ የምንነቅለው ወዲያው ነው። «ኤክስቴንሽን አትጠቀሙ» የሚለውን የመመሪያውን ቃል ግን አከብራለሁ፤ ሽማግሌ የሚረግጥበት መንገድ ላይ ገመድ መዘርጋት ሌላ ጣጣ ነው።

የቀረው አጭር ነው። አንድ ሞተር ያለው ጀርባውንና እግሩን አንድ ላይ ያንቀሳቅሳል፣ ሁለት ሞተር ያለው ለየብቻ፤ እግሩ ለሚያብጥ ሰው ሁለቱ ይሻላል። ሌዘር አትምረጡ፤ ሶፋው ወደ ፊት ሲያጋድል ሰው ያንሸራትታል፣ በጅማ ክረምትም ይሻግታል። ጨርቅ ይሁን። ከግድግዳ እስከ 50 ሳ.ሜ ራቁ፤ አንዳንዱ ሞዴል ያነሰ ይበቃዋል። ሶላት ተቀምጦ ለሚሰግድ ሰው ሶፋውን መጀመሪያውኑ ወደ ቂብላ አዙሩ፤ ከጅማ ሰሜን ሆኖ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ነው። ከ50 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ በየወቅቱ አይዞርም። ስትሮክ ላለበት ሪሞቱ በደህናው እጁ በኩል ይንጠልጠል።

ሲነሳ እስከ ጫፍ ድረስ አያንሱት። ተንፏቆ ወደ ፊት ይምጣ፣ ሁለቱ እግሩ መሬት ይርገጥ፣ አፍንጫው ከእግሩ ጣቶች በላይ እስኪመጣ ያጎንብስ፣ ከዚያ ሞተሩ ግማሽ ካነሳው በኋላ በራሱ ጉልበት ይጨርስ። ከቆመ በኋላ ማዞር እንዳይጥለው ትንሽ ቆሞ ነው የሚራመደው። ሲወርድ ደግሞ ከሥሩ ሕፃን ወይም ድመት አለመኖሩን እዩ።

የልጅ ልጆች ሪሞቱን ሲያገኙት መጫወቻ ያደርጉታል። ብዙዎቹ ሞተሮች 2 ደቂቃ ሠርተው 18 ደቂቃ እንዲያርፉ ነው የተሠሩት፤ ሲበዛባቸው ይሞቁና ዝም ይላሉ። ተቃጠለ ብላችሁ ወደ ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።