የሞርጋን ዶላር ስሰበስብ እስካሁን የገባኝ

ከድሮ የአሜሪካ የብር ሳንቲሞች፣ ከሩብና ከግማሽ ዶላር ተነስቼ አሁን ወደ ትልልቆቹ፣ ወደ ሞርጋን ዶላር ተሻግሬያለሁ። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ትንንሾቹ ላይ ሥራው ቀላል ነበር። 1964 ወይም ከዚያ በፊት የሚል ሩብ ዶላር 90 በመቶው ብር ነው። ከ1965 ወዲህ ያለው ለመገበያያ የወጣው ሩብ ግን ብር የለውም። ዓመቱን አይቶ መለየት ነው፣ አለቀ።

ሞርጋን እንዲህ አይደለም። ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 ተመርቷል። ስሙ የነዳፊው የጆርጅ ሞርጋን ነው። 26.73 ግራም ይመዝናል፤ 90 በመቶው ብር ነው። እግረ መንገዴን ከኛ ጠገራ ብር ጋር አስተያየሁት። ማርያ ቴሬዛ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ብሯ ግን 83 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቀለል የሚለው ሞርጋን የያዘው ንጹህ ብር ይበልጣል። አያቴ ብትሰማ ከነጭራሹ አታምነኝም ነበር።

የዋጋው ወለል በሒሳብ ይገኛል። አንዱ ሞርጋን 0.7734 ትሮይ አውንስ (ወርቅና ብር የሚመዘንበት መለኪያ) ንጹህ ብር አለው። የዕለቱን የአንድ አውንስ ብር ዋጋ አባዙበት። ከዚያ በላይ ያለው ግን ከሰብሳቢው ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ ነው ጀርባውን መገልበጥ የሚያስፈልገው። ከንስሩ በታች፣ ጉንጉኑ ከታሰረበት ሥር፣ የት እንደተመረተ የምትናገር ፊደል አለች። ኤስ ሳን ፍራንሲስኮ ነው፣ ኦ ኒው ኦርሊንስ፣ ሲሲ በኔቫዳ ያለችው ካርሰን ሲቲ። ፊደል ከሌለው ፊላደልፊያ ነው።

እኔ መጀመሪያ የመሰለኝ በጥቂቱ የተመረተው ሁሉ ይወደዳል የሚል ነበር። ሁለት የካርሰን ሲቲ ዶላሮችን እዩ። የ1885ቱ 228,000 ተመርቷል፣ የ1889ኙ 350,000። ውዱ ግን የ1889ኙ ነው፤ ያውም በብዙ እጥፍ! ምክንያቱም የ1885ቱ አብዛኛው ከነከረጢቱ የመንግሥት ግምጃ ቤት ውስጥ ተኝቶ ከርሞ፣ ከ1972 ጀምሮ ለሕዝብ ተሸጧል። የ1889ኙ እዚያ ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ በ1918 የወጣው የፒትማን ሕግ ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላር አስቀልጧል። ስለዚህ አሁን ስንት እንደተመረተ ሳይ ወዲያው ስንቱ ተረፈ ብዬ ነው የምጠይቀው።

የሁሉም ሰው ምኞት የ1893 ኤስ ነው። የተመረተው 100,000 ብቻ ነው። ስለዚህ አስመሳዩ አያድርስ ነው። አንዳንዱ የፊላደልፊያውን የ1893 ሳንቲም ይዞ ኤስ ይለጥፍበታል። ሚዛንና ማግኔት እዚህ ላይ አይረዱም፤ ሳንቲሙ ራሱ እውነተኛ ብር ነውና። የሚረዳው አጉሊ መነጽር ነው። እውነተኛዎቹ ሁሉ ፊታቸው የታተመው ምስሉ በተቀረጸበት በአንድ የብረት ማኅተም ነው። ስለዚህ ፊቱ ላይ ባለችው ሴትዮ ዘውድ ላይ ከተጻፈው ሊበርቲ ውስጥ የቲዋን አናት አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን፣ ከፍ ያለ ጭረት አለ። በጣም ያረጀው ላይ ሊደበዝዝ ይችላል። ቲዋ ንጹህ ሆና ሻጩ ስለ ኤስ ብቻ ሲያወራ ካያችሁ፣ አመስግናችሁ እለፉ።

ስለ ይዞታው ባጭሩ፦ መጀመሪያ የሚያልቀው ከጆሮዋ በላይ ያለው ጸጉርና የንስሩ ደረት ነው። እዚያ ያሉት መስመሮች በደንብ ከታዩ ጥሩ ነው። ያላለቀውንና ያልተፈተገውን በአንድ መብራት ሥር ቀስ አድርጋችሁ ስታዘነብሉት ብርሃኑ ፊቱ ላይ ይዞራል። በጥርስ ሳሙና የተፈተገው ያብለጨልጫል እንጂ ብርሃኑ አይዞርም፤ ዋጋውም ወደ ወለሉ ይጠጋል። እባካችሁ፣ ጠቁሮ ቢያስጠላችሁም እንኳ አትፈትጉት።

አሁን ዓይኔን የጣልኩት ሞርጋንን በተካው፣ በ1921ዱ ፒስ ዶላር ላይ ነው። ምስሉ ከመጠን በላይ ጎላ ብሎ ስለተሠራ መሐሉ ላይ በደንብ አልታተመም፤ በ1922 ዝቅ አድርገውታል። እሱ ላይ ያለችው ሴትዮ ጸጉር የደበዘዘው ከአሠራሩ ይሁን በእጅ ብዛት ለመለየት ተቸግሬያለሁ። ያላችሁ ከጎን መብራት አብርታችሁ ፎቶ አንሱልኝ፣ አንድ ላይ እንያቸው።