ደረሰኙ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ነው

ዛሬም ስንቅ ይዘን ሄድን። እኔና የታሰረው የጎረቤታችን ልጅ እናት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ነው የምላት። ልጇ ከታሰረ 19 ቀኑ ነው። በር ላይ ያለው ፖሊስ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ "ቅመሺ" አላት። ፆመኛ ናት እኮ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል የማትቀምስ ሴትዮ፣ ምንም ሳትል ከሽሮው በእንጀራ ጠቅለል አርጋ ጎረሰችና አፏን በነጠላዋ ጠረገች። ይሄ ነገር ከፊቴ አልሄድ ብሎኝ ነው ሌሊት ተነስቼ የምፅፈው።

ልጁ ምን አደረገ? ሰፈር ሲፈርስ አይቶ ተናደደ፣ አራት መስመር ፌስቡክ ላይ ፃፈ፣ የሌላ ሰው ፅሁፍ ደግሞ ሼር አደረገ፣ በቃ። ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ የሚሰራ ልጅ ነው፣ ጓደኞቹ 400 አይሞሉም፣ ፖስቱን ላይክ ያደረገው 11 ሰው ነው። ፍርድ ቤት መርማሪው ያቀረበው ወረቀት ላይ ስክሪንሾቱ ታትሟል፣ ከላይ የባትሪው ምልክት ሳይቀር ይታያል፣ 23 ፐርሰንት ይላል። ፖስቱ ለጓደኛ ብቻ የሚታይ ነበር፣ ስለዚህ ያ ስልክ የምናውቀው ሰው ስልክ ነው። ለእትዬ ይሄን አልነገርኳትም፣ ሰፈሩ ውስጥ ቡና የምትጠራራው ሰው አለ፣ በምን ዓይኗ ታያቸዋለች ብዬ።

የመጀመሪያው ቀን "ሼር አርጓል" ሲሏት "በምን ብሩ ሼር ገዛ?" አለችኝ። እሷ የምታውቀው ሼር የባንክ ነው። መንገድ ላይ ቆመን ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት፣ ይሄን ስትነኪው የሌላ ሰው ፅሁፍ ወዳንቺ ገፅ ይመጣል አልኳት፣ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና "እና እሱ አይደለማ የፃፈው" አለች። ምን ልበላት።

ህጉን ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ቁጥር 1185ቱን፣ በ2012 የካቲት ፓርላማው ያፀደቀውን የጥላቻ ንግግርና የሀሰተኛ መረጃ አዋጅ። ላይክና ታግ ማድረግ ማሰራጨት አይባልም ይላል፣ ስለ ሼር ግን እንደዛ አላለም። ሀሰተኛ መረጃ እስከ 1 ዓመት እስር ወይም እስከ 50 ሺህ ብር፣ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገፅ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ። ያወጡት ሰዎች በትልቅ ገፅና በትንሽ ገፅ መሀል ልዩነት እንዳለ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። ጣቢያ ስትሄድ ግን ተከታይህ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅህ የለም።

ቃል ሰው አይገድልም የምል ሰው አይደለሁም። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረን አልረሳም፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩትን። ሰዎች ፎቷቸውንና አድራሻቸውን ፌስቡክ ላይ ለጥፈውባቸው፣ ልጃቸው ለፌስቡክ ሪፖርት ሲያደርግ ሲያደርግ ኖሮ፣ መልስ የመጣለት በ2014 ጥቅምት በራቸው ላይ ከተገደሉ በኋላ ነው። እንደዛ ያለውን የሚፅፍ ይጠየቅ፣ ከማንም በላይ እኔ እፈልጋለሁ። ግን ያኛው እና ይሄ አንድ ነገር ነው? የሰው ቤት ፈረሰ ብሎ ያለቀሰ ልጅና የሰው ቤት የት እንዳለ የጠቆመ ሰው?

ደግሞ አዲስ ነገርም አይደለም። ዮናታን ተስፋዬ የሰማያዊ ፓርቲ ቃል አቀባይ የነበረው፣ በፌስቡክ ፅሁፎቹ በፀረ ሽብር ህጉ ተከሶ በ2009 ግንቦት 6 ዓመት ከ6 ወር ተፈርዶበት ነበር። እሱን ቢያንስ ሰው ያውቀዋል፣ ጠበቃ ነበረው፣ ስሙ ይነሳ ነበር። የፎቶ ኮፒ ቤቱን ልጅ ማን ያነሳዋል።

የሱ ነገር ክስ እንኳን አልደረሰም። መርማሪው 14 ቀን ጠየቀ፣ ዳኛዋ 7 ሰጠች፣ ስልኩን ለምርመራ ልከናል ውጤት አልመጣም ብሎ ደግሞ ሌላ 7። ለሦስተኛ ጊዜ ስንቀርብ ዳኛዋ 15 ሺህ ብር ዋስ ፈቀደች፣ እትዬ እልልታዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። የእቁቡን ብር፣ ከእድር የተበደርነውን፣ እኔም ያለችኝን ጨምሬ ከፈልን። ደረሰኙን ይዘን ጣቢያ ስንደርስ ፖሊስ ይግባኝ ብሏል ተባልን። ይኸው ደረሰኙን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው የምትውለው፣ አንድ ሰው ባነጋገራት ቁጥር ቋጠሮውን ፈታ ታሳያለች። ተጣጥፎ ተጣጥፎ ማህተሙ መደብዘዝ ጀምሯል።

ማታ ገብቼ የድሮ ፖስቶቼን ሳጠፋ ነበር። ስለ ሦስት ሳምንት የውሃ መጥፋት የፃፍኩትን አጠፋሁ። ስለ ትራንስፖርት ሰልፍ የፃፍኩትን አጠፋሁ። የአጎቴ ልጅ ሲሞት የፃፍኩት ጋ ስደርስ እጄ ቆመ፣ እንዴት እንደሞተ አንድ መስመር አለበት፣ ከስሩ ደግሞ የእህቶቹ ኮመንት አለ፣ ነፍስ ይማር ያለ ሰው ሁሉ አለ። አጠፋሁት። ከዛ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዛሬ ስንመለስ እትዬ "አንቺ ትፅፊ የለ እንዴ፣ ልጄ ጥፋት የለበትም ብለሽ ፃፊልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ፃፍኩትም፣ ሁለት ጊዜ አንብቤ ድራፍት ውስጥ ተውኩት። ጠዋት ፖስት አደረግሽው ወይ ብላ ትጠይቀኛለች፣ በ1 ሰዓት ነው የምንገናኘው፣ ሽሮ ሰልችቶታል ፓስታ ይሁንለት ብላኛለች።