ደብሊን እንግሊዝኛ ለመማር ለምትሄዱ የድሬ ልጆች፦ የቤቱ ነገር

ፓስፖርት፣ የትምህርት ቤት ቅበላ፣ ክፍያ፣ ኢንሹራንስ፣ ቪዛ፦ ያደክማል እንጂ መንገዱ የታወቀ ነው፣ በተራ ይጨርሱታል። ማንም ያልነገረኝ ከማን ጋር እንደምኖር መጠየቅ እንዳለብኝ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እዩት። አየርላንድ ለቋንቋ ተማሪ ፈቃድ የምትሰጥበት ኮርስ 25 ሳምንት ነው፣ በሳምንት ቢያንስ 15 ሰዓት፤ በድምሩ 375። ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው ለመሻገር፣ በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ከቢ1 (መካከለኛ) ወደ ቢ2 (ከመካከለኛ በላይ) እንበል፣ 200 ሰዓት ገደማ ትምህርት ይፈጃል ተብሎ ይገመታል። የክፍል ትምህርት ብቻውን ሁለት ደረጃ እንኳ አያሻግርም። በቀን 8 ሰዓት የሚተኛ ሰው በሳምንት 112 ሰዓት ነቅቶ ይውላል፤ 97ቱ ከክፍል ውጭ ነው። ከዚያ ውስጥ ብዙው የሚያልፈው ቤት፣ በተለይ ወጥ ቤት ነው።

ትምህርት ቤቶቹም ይህን ያውቃሉ፤ «የተለያየ አገር ተማሪዎችን እናቀላቅላለን» ይላሉ። የሚያቀላቅሉት ግን ፓስፖርት አይተው ነው። የቤት ምደባ ኃላፊዋ ከጅቡቲና ከኤርትራ ልጆች ጋር አደረገችኝ፤ በወረቀት ሦስት አገር። የጅቡቲው ልጅ ሶማልኛ ይናገራል፣ ኤርትራዊው አማርኛ ያቀላጥፋል። ቀፊራ ገበያ ሲላላክ ያደገ የድሬ ልጅ ደግሞ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየቀያየረ ነው የሚያወራው። እዚያ ቤት ውስጥ ለጨው መጠየቂያ እንኳ እንግሊዝኛ አያስፈልግም ነበር። ሳመለክት «ሁላችሁም ከተለያየ አገር ናችሁ» ተባልኩ። እስካሁን ያበሳጨኛል፤ ቤተሰብ ስንት ነገር ሸጦ የከፈለበት ጊዜ ነው። ምን ምን ቋንቋ ትናገራለህ ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የምትችሉትን ቋንቋ በሙሉ ዘርዝራችሁ «ከእነዚህ አንዱንም ከማይናገር ሰው ጋር መድቡኝ» ብላችሁ በኢሜይል ጻፉ። የሐረር ልጆች ሐረሪን፣ ዐረብኛ የምትችሉም ዐረብኛን ጨምሩ። በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንም። የምትኖሩበትን ክፍል ለመቀየር ከስንት ሳምንት በፊት ማሳወቅ እንደሚያስፈልግና ያልኖራችሁበት ኪራይ ይመለስ እንደሆነም በዚያው ኢሜይል ጠይቁ። ተማሪ ከሚያስተናግድ የአገሬው ቤተሰብ ጋር የምትኖሩ ከሆነ ስንት ተማሪ እንደያዙና ራት አብረው ይበሉ እንደሆነ እወቁ፤ ምግብ በር ላይ አስቀምጠው የሚሄዱ አሉ። የራሱ ማብሰያ ያለው ክፍል ምቹ ነው፣ ለቋንቋ ግን መጥፎ ምርጫ ነው።

«ታዲያ እኛው በእኛው እንግሊዝኛ እናውራ» የሚል አለ። ችግሩ ስህተታችን አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ስለ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ስታወሩ ለዕቃ በሚባለው «ኢት» ፈንታ ለወንድ የሚባለውን «ሂ» ብትሉ የአገራችሁ ልጅ ወዲያው ይገባዋል፣ ወሬው ይቀጥላል። አከራይዋ ግን «ማን?» ብላ ታቆማችኋለች። የሚያርማችሁ ያ መቆም ነው።

ከአገራችሁ ሰው ራቁ የሚለውን የትምህርት ቤቶቹን ምክር ግን አልቀበልም። ስትታመሙ ሾርባ ይዞ የሚመጣው፣ የትኛው አከራይ የመያዣ ገንዘብ እንደሚበላ የሚነግራችሁ እሱ ነው። በዓል ብቻን መዋል ሰውን ይሰብራል፣ የተሰበረ ሰው ደግሞ አይማርም። እሑድ ቡና አፍሉ፣ በዓልን አብራችሁ ዋሉ፣ እስኪበቃችሁ በቋንቋችሁ ተጫወቱ። አብሮ መኖርና ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥ ግን ይቅር።

የአገር ልጅ ከማንም የሚበልጥበት አንድ ልምምድም አለ፤ የአይልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና) ንግግር። ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ 1 ደቂቃ ተዘጋጅታችሁ እስከ 2 ደቂቃ ብቻችሁን ትናገራላችሁ፤ ብዙ ሰው ግማሽ ላይ ወሬ የሚያልቅበት እዚህ ነው። ስልክ ላይ ሰዓት ሙሉ፣ ድምፁን ቅዱ፣ ጓደኛችሁ ሰዓቱ ሳይሞላ እንዳያቋርጣችሁ። ሰው ፊት የምታፍሩ ከሆነ እሱ ፊት አታፍሩም። ቅጂውን ግን ለማረም ለአስተማሪ አሰሙ።

ሥራም እንዲሁ። በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል፣ የመጀመሪያውን ሥራ የሚያገኝላችሁ ብዙ ጊዜ የአገር ሰው ነው። የሐበሻ ምግብ ቤት ከሆነ ተቀበሉ፤ ነገር ግን ከጓዳ ይልቅ መስተንግዶ ላይ እንዲያደርጓችሁ ለምኑ። እንጀራ ምን እንደሆነ በቀን አሥር ጊዜ ለፈረንጅ ማስረዳት ደመወዝ የሚከፈልበት ትምህርት ነው።