ከጅማ ቢሾፍቱ፦ ሁለት ሌሊት፣ አንድ ሐይቅ

ጅማ ላይ ሆኖ «ቅዳሜና እሁድን ውሃ ዳር እናሳልፍ» ያለ ሰው ምርጫው ብዙ አይደለም። ከከተማው ዳር ያለው የቦዬ ረግረግ ጉማሬ ለማየት ይበቃል፣ አልጋ ይዞ ለማደር ግን አይሆንም። የባሕር ኃይል ከተማ የነበረችው ምፅዋ ደግሞ ከኤርትራ ጋር ሄዳለች። ለዚያ ዓይነቱ ሽርሽር ዛሬ የሚቀርበው ቢሾፍቱ ነው፤ በባሕሩ ፋንታ ሐይቅ፣ በባሕር ኃይሉ ፋንታ አየር ኃይል ያለበት። መጠኑ አነስ ያለ፣ ባጃጅ ይዞ ከዳር ዳር የሚደረስበት፣ ጠዋት ላይ ወታደር ሲሮጥ የሚታይበት ከተማ ነው።

የጅማ ሰው ይህን ጉዞ የሚያበላሸው በሁለት ነገር ነው፤ አንድም መንገዱን ይንቃል፣ አንድም ሐይቆቹን ሁሉ ካላዳረስኩ ይላል። ሁለቱን የተወ ሰው አርፎ ይመለሳል።

መንገዱ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ እስከ ቢሾፍቱ 45 የሚሆን ይጨመራል። በስሌት ሲታይ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። በተግባር ግን የሰርቦና የአሰንዳቦ ከብት፣ የከባድ መኪና ሰልፍ፣ የተቦረቦረ አስፋልትና የሰበታ መግቢያ ተደማምረው ቀኑን ይበሉታል። አርብን ከሥራ ያላስፈቀደ ሰው በመኪና ባይነሳ ይሻላል። ቅዳሜ ተነስቶ እሁድ መመለስ ሐይቁን ሳይሆን መሪውን ሲያዩ መዋል ነው።

ነዳጅ ሐሙስ ማታ ይሞላ። አርብ ጠዋት ማደያ ላይ ሰልፍ ካለ የማለዳው ሁለት ሰዓት እዚያው ይቀራል። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ስለሆነ ሒሳቡ ማታውኑ ይታይ፤ ኔትወርክ በሌለበት ማደያ ፊት ገንዘብ ይዞ መቆም ማንንም አይጠቅምም። የጎማ አየር የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ከመነሳት በፊት ነው። ስኮርታው (መለዋወጫ ጎማው) አየር እንዳለው፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው ቦታው ላይ መሆናቸው ይታይ። ስኮርታ ኖሮት ክሪክ የሌለው መኪና በዚህ መንገድ ላይ ብርቅ አይደለም።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ግቤ በረሃ ፀሐዩ ሳይከር ትደርሳላችሁ። ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስትሆን የግቤ ድልድይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ተጠማዛዥና ረጅም ነው። ፍሬን ላይ እግሩን አሳርፎ የሚወርድ ሹፌር የፍሬን ሸራውን ያግለዋል፣ ከዚያ ፔዳሉ እየላላ ይሄዳል፣ ሽታው ሲመጣ ነገሩ አርፍዷል። መፍትሔው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ መቀነስ ነው፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ አድርጎ ሞተሩ እንዲይዘው መተው፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ ማድረግ። ኒውትራል አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ መውረድ የሚባለውን ነገር እርሱት። ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ወልቂጤ ስትወጡ ችግሩ ይገለበጣል፦ አሁን የሚሞቀው ሞተሩ ነው። የሙቀት መለኪያው ከፍ ማለት ከጀመረ ኤሲውን አጥፉ። ካልወረደ ዳር ያዙና ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የራዲያተር ክዳን ትኩስ እያለ አይከፈትም፤ ፊትን የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ምሳ ወልቂጤ ነው፣ ክትፎ ማለት ነው። ሹፌሩ ግን ግማሽ ቢበላ ይመረጣል፤ ከወልቂጤ አዲስ አበባ ገና 158 ኪሎ ሜትር ይቀራል፣ ከክትፎ በኋላ የወሊሶ ሜዳ እንቅልፍ ያመጣል። ጫት እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም፤ የደከመው ሹፌር ሃያ ደቂቃ ወንበሩን አስተኝቶ ቢያሸልብ ይበልጣል። ከመነሳት በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም መናኸሪያ ሄዶ ሹፌሮችን መጠየቅ ግድ ነው፤ የትናንቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በሌሊት አይኬድም።

ሰበታን ካለፋችሁ በኋላ መሃል ከተማ አትግቡ። ከዓለም ገና ወደ ለቡ፣ ከዚያ ወደ ቃሊቲና ቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ ያዙ፤ ከዚያ የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ይገኛል። ፈጣን መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ የክፍያ መንገድ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ግን ወርዳችሁ አራቱንም ጎማ ዞር ብላችሁ እዩ። ጉድጓድ የመታው ጎማ ብዙ ጊዜ አይተነፍስም፣ ጎኑ ላይ እባጭ ያወጣል። በስድሳ ሲነዳ የተሸከመው እባጭ በመቶ ሲነዳ ይፈነዳል። እባጭ ካያችሁ ጎማውን በስኮርታው ቀይሩ፣ ወይም ፈጣን መንገዱን ትታችሁ በአቃቂና በዱከም አሮጌው መንገድ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። መግቢያው ላይ የሚሰጣችሁን ካርድ እጃችሁ ላይ ያዙት፤ ክፍያው መውጫው ላይ በእሱ ነው፣ ከወንበር ሥር ሲፈለግ ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋባችኋል።

መኪና ለሌለው፦ አውቶቡሱ አዲስ አበባ ካደረሳችሁ በኋላ ወደ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሚኒባስ ትይዛላችሁ። ረዳቱ «ደብረ ዘይት!» ቢል አትለፉት፣ ያው ከተማው ነው። ከጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ በአየር የሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት በማይሞላ በረራ ቦሌ ይደርሳል፤ ለሁለት ሰው ዋጋው ይከብድ ይሆናል፣ ግን አርብን ማስፈቀድ ያልቻለ ሠራተኛ ያለው አማራጭ ይህ ብቻ ነው። ክረምት ላይ በጅማ ዝናብና ደመና ምክንያት በረራ ሊዘገይ ስለሚችል ሰኞ ጠዋት የማይቀር ስብሰባ ያለው ሰው የእሁዱን የመጨረሻ በረራ አይመን።

አሁን ሐይቁ። ከተማው ውስጥና ዙሪያው ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ጨለለቃ አሉ፤ ራቅ ብሎ ደግሞ አረንጓዴ ሐይቅ። ሁሉን ማየት ይቻላል፤ ቀኑ ግን ባጃጅ ላይ ያልቃል። ጸጥታ ለሚፈልግ ባቦጋያ ይመረጣል፤ ዙሪያውን ማረፊያዎች ይዘውታል፣ ከገደሉ ላይ ወደ ውሃው በደረጃ ይወረዳል። ልጆች የያዘ ሰው ኩሪፍቱ ዳር ይመቸዋል፤ ሐይቁ ከሌሎቹ አንጻር ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ የውሃ መጫወቻ ፓርክም አለ፣ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግርግሩን መቻል ያስፈልጋል። ወፍ ለሚወድ ጨለለቃ ነው። ይህኛው ጥልቀት የሌለውና እንደ ወቅቱ የሚሞላና የሚጎድል ረግረግ ስለሆነ ከክረምት ማግስት እስከ ጥር ድረስ ማለዳ ላይ መሄድ ነው፤ በጋው ሲገፋ ደረቅ ሜዳ ሊጠብቃችሁ ይችላል። በእኛ ምርጫ አልጋ ባቦጋያ፣ አንድ ማለዳ ጨለለቃ፤ ሌላው ይቅር።

ስለ ዋና አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው። ሐዋሳ እንደለመዳችሁት እየገባችሁ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ የሚደርስ ዳርቻ የላቸውም። ከዳሩ ጥቂት እርምጃ እንደሄዳችሁ መሬቱ ይከዳል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት እስከ 87 ሜትር፣ የባቦጋያ 65 ሜትር ገደማ ነው። ዋና የማይችል ሰው ውሃው ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳቱ ራሱ አደጋ ነው፤ ድንጋዩ ያሙለጨልጫል፣ የሚያዝ ነገር የለም። ካያክ ወይም ጀልባ የሚያከራዩት የሕይወት መከላከያ ጃኬት ይሰጣሉ፤ ማሰሪያው የተበጠሰውን አትቀበሉ፣ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ስትስቡት ጆሮ ድረስ የሚወጣ ከሆነም ሰፍቷችኋልና ይቀየር። ሰዓቱ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ሲመለሱ ነፋሱን ፊት ለፊት መቅዘፍ የለመደውን ሰው እንኳ ያደክማል።

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ብርዳም ሌሊቶች የእነዚህ ሐይቆች ላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ታች ይሰምጣል፣ ኦክሲጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ደግሞ ይወጣል። በዚያ ጊዜ ዓሣ ታፍኖ ዳር ላይ ተንሳፍፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ልጆች ለቅመው ቢያቀርቡላችሁ አትግዙ፤ መቼ እንደሞተ የሚያውቅ የለም።

ዓሣ ለመብላት ግን ከተማው ጥሩ ነው። በብዛት የምታገኙት ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው፣ ሁሉም ደግሞ ከፊታችሁ ካለው ሐይቅ የወጣ አይምሰላችሁ፤ ከባቱም (ከዝዋይ) ይመጣል። ከማዘዛችሁ በፊት አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም። ዓይኑ ወጣ ብሎ የጠራ፣ ስንጥቡ (የሚተነፍስበት) ሲገለጥ ደም የመሰለ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን ወዲያው የሚመለስ ከሆነ ይጠበስ። ዓይኑ ከጎደጎደና ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ ሽሮ እዘዙ። ሙሉውን ሲጠበስ ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ፣ ዘይቱ በደንብ ግሎ መግባት አለበት፤ ዘይቱ ሳይግል የገባ ዓሣ ዘይት ጠጥቶ ይመጣል፣ እሾሁ አካባቢም ጥሬ ይቀራል። ቡናውን በተመለከተ የጅማ ሰው ምን ምክር ያሻዋል፤ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ይዞ ሄዶ ማረፊያው ላይ ላለችው ቡና አፍዪ «እቴ፣ ይቺን ቁዪልን» ማለት ነው።

የአየር ኃይሉ ነገር ቀልድ አይደለም። ሐረር ሜዳ የሚባለው የጦር አየር ማረፊያ እዚሁ ነው፤ የንጉሡ ዘመን አየር ኃይል ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስዊድናውያን አሠልጣኞች የተደራጀው እዚህ ነበር። ጄት ሲነሳ ያለው ድምፅ ልጅ ያስደነግጣል፣ ቀድማችሁ ንገሩት። አጥሩን፣ በሩን፣ ጥበቃውን ፎቶ አታንሱ፤ በስልክ ከባጃጅ ላይ የሚደረግ ቪዲዮም ያው ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መሄድ ጭራሽ አይታሰብ። መታወቂያ የሁላችሁም ይያዝ፤ ኬላ ላይም አልጋ ሲያዝም ይጠየቃል።

ከመስቀል በኋላ ያለው እሁድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ የሚከበርበት ነው። በዓሉን ብላችሁ ከሄዳችሁ አልጋው ከሳምንታት በፊት ይያዝ፤ ዕረፍት ብላችሁ ከሆነ ያንን ሳምንት ዝለሉት። በጥርና በሚያዝያ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰርገኛ ሐይቁን ለፎቶ ይወረዋል፣ ስፒከሩም ከኋላው ይከተላል። አልጋ ስትይዙ ክፍሉ ከአዳራሽ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባም አለ፣ አጎበር ያለው ክፍል ይመረጥ።

ዝቋላን «እግረ መንገዳችንን» የሚል አይጠፋም። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ እግረ መንገድ አይሆንም፣ የራሱን ጉዞ ይጠይቃል።

መመለሻው እሁድ ንጋት 12 ሰዓት ነው፤ ይህ ከሆነ ግቤን በብርሃን ትሻገራላችሁ። ቁርስ በልተን እንነሳ ያለ ሰው ሳጃ ላይ ይመሽበታል። ነዳጅ ቅዳሜ ማታ ቢሾፍቱ ውስጥ ይሞላ፣ ሒሳብ ማታውኑ ይዘጋ፣ ቁርሱ በፌስታል ታስሮ ይያዝ። ወደ ቦሌ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከበረራው አራት ሰዓት ቀድሞ ከቢሾፍቱ ይነሳ። ፈጣን መንገዱ አያስቸግረውም፣ እሁድ ማታ የሚያስረው ከቃሊቲ እስከ ቦሌ ያለው ነው።