ክራንቼ ቆዳ ለበሰ

እናቴ የመነጽር ፍሬም ስትመርጥ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። አድርጋ መስታወት ታያለች፣ ታወልቃለች፣ «ይኼ አያስረጀኝም?» ትለኛለች። ሻጩም «ማዘር፣ ያኛው ነው የሚያምርብዎት» ይላታል። መነጽር እኮ ያው መርጃ መሣሪያ ነው። እኔ ክራንች ልቀበል ሄጄ «ሌላ ቀለም የላችሁም?» ስል ግን ሰውየው እንደ ቅብጠት ቆጠረብኝ። «ዋናው መሄድሽ ነው» አለኝ።

መሄዱንስ እሄዳለሁ። ግን ሰርግም፣ ቢሮም፣ ለቅሶም የምገባው በዚያው የሆስፒታል ብረት ነው። ሰው መጀመሪያ እሱን ያያል፣ ወዲያው «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላል። የሀበሻ ቀሚሴን ማን ልብ ብሎት!

በ1999 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በአንድ የፋሽን ትርኢት አሜሪካዊቷ ሯጭ ኤሚ ሙሊንስ ከእንጨት በተቀረጹ ሰው ሠራሽ እግሮች ወጥታ፣ ብዙ ሰው ቡት ጫማ መስሎት ነበር። የእኔ ምኞት እንኳ እዚያ አይደርስም፤ ክራንቼ ከቦርሳዬ ጋር ቢሄድልኝ በቂ ነው።

ስለዚህ ፒያሳ ጫማ የሚሠራ ልጅ ጋ ወሰድኩት። «እህቴ፣ መዳፍሽ የቱ ጋ ነው የሚጫነው?» አለኝ። ከሰጡኝ ሰዎች አንድም ይህን የጠየቀኝ የለም። መያዣውን ጠመኔ ቀብቶ አስያዘኝና ጠመኔው የለቀቀበትን ቦታ በስፖንጅ ሞላው። ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በመዳፍ በኩል ከሆነ ይልጠኛል። ቡኒ ቆዳ፣ ነጭ ክር። ቢሮ ስገባ «የት አሠራሽው?» ተባልኩ፤ ምሕረት የለመነልኝ አልነበረም።

ውበት ሲባል ደግሞ ማብለጭለጭ የሚመስላቸው አሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624) የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ አመቺ ይሁን ብሏል። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ ራምፕ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ) ሠርቷል፣ በተወለወለ ሴራሚክ! ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት የሚባለው ልክ እዚያ ግማሹም የለም። ዝናብ ሲዘንብ በደረጃው መውጣት ይሻለኛል። ከመለጠፉ በፊት አንድ ክራንች የሚይዝ ሰው ጠርተው ቢያስወጡበት ምን ነበረበት?

አሁን የቀረኝ የታች ጎማው ነው፤ ቡኒ አልተገኘም። ልጁ ከጫማ ሶል ቆርጬ ልሞክር ብሏል። እርጥብ ሴራሚክ ላይ ሳልቆምበት ግን አልረከብህም ብዬዋለሁ።