ጳጉሜ 6 የሌለበት ዓመት

በአገር ውስጥም በውጭም የምትገኙ ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ፣ ከ2017 ወደ 2018 ዓ.ም. በሰላም አሸጋገራችሁ! በየዓመቱ በዚህ ቀን ከሐዋሳ ጥቂት መስመር የመጻፍ ልማድ ነበረኝ፤ ያለፉትን ሁለት እንቁጣጣሾች ግን በዝምታ አልፌአቸዋለሁ። ምክንያቱን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለማታውቁት ደግሞ፣ ይህን ስጽፍ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ የጫማዬን ክር እየፈታች ያለችው ልጅ ናት ምክንያቴ።

ልጃችን የተወለደችው ሰኞ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜ ስድስተኛ ቀን የሚኖራት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ ብቻ ስለሆነ፣ የተወለደችበት ቀን ዞሮ የሚመጣው በ2019 መጨረሻ፣ እሷ አራት ዓመት ሲሞላት ነው። እስከዚያው ትናንት ማታ እንዳደረግነው፣ ጳጉሜ 5 አልቃ መስከረም 1 እስኪብት ባለችው ሌሊት ላይ ዳቦ እንቆርስላታለን። እናቴ ከአራስ ቤት ጀምሮ የምትጠራት «ጳጉሜዬ» እያለች ነው። እኔ ግን በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ፣ ስሙን መጀመሪያ ስሰማው ከፍቅሩ ቀድሞ የታወሰኝ ጳጉሜ ለወር ደመወዝተኛ ደመወዝ የሌላት ወር መሆኗ ነበር።

ነገሩን ከቁጥር መጀመሬ አይግረማችሁ፤ አባትነትንም የጀመርኩት በቁጥር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። የእኔ ሦስት ቀን ጳጉሜ 6፣ መስከረም 1 እና መስከረም 2 ላይ ዋለ፤ መካከለኛውን ቀን ያለ እኔ ልጅም አገሩ ሁሉ ያከብረው ነበር። ሐሙስ መስከረም 3 ቢሮ ስገባ የሥራ ባልደረቦቼ «እንኳን ማርያም ማረቻት» እያሉ ሲስሙኝ፣ በልቤ የበዓሉን ቀን በማካካሻ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ አስብ ነበር። ከዚያ የክርስትናዋን ሰማንያኛ ቀን አሰላሁ፤ ኅዳር 19 ላይ ወደቀ። ቀኑ የገብርኤል ነውና፣ በዚህች ከተማ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ስሌት አይገኝም፤ እናቴም ያደረግኩት መደመር ብቻ መሆኑን እያወቀች ቀኑን እኔ ያመጣሁት ይመስል መረቀችኝ።

በመጀመሪያው የክትባት ቀጠሮ የጤና ባለሙያዋ ስለ 1000 ቀናት ነገረችን፤ የእርግዝናው 270 ቀንና የሁለቱ ዓመት 730 ቀን ተደምሮ ማለት ነው፤ ለልጅ አካልና አእምሮ ከምንም በላይ ወሳኙ ጊዜ ያ ነው። ድምሩ ያለ ስብርባሪ መምጣቱ በጣም ደስ አሰኘኝ። በዚያው ዕለት ወፍራም ደብተር ገዝቼ ዓምዶች አሰመርኩበት፤ ቀን፣ ክብደት፣ ክትባት፣ ጥርስ የሚሉ ዓምዶች ካበጀሁ በኋላ፣ በመጨረሻ ከሥራ ልማድ የተነሣ «ልዩ ልዩ» የሚል ጠባብ ዓምድ ጨመርኩ። በሒሳብ ሥራ «ልዩ ልዩ» ማለት ቦታ ያላገኘ ጥቃቅን ነገር የሚጣልበት ነው፤ ሲበዛ ኦዲተር ያስቆጣል።

የ2016 በጀት ዓመት ሲዘጋ፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ የዓመቱን የንብረት ቆጠራ ለመሥራት መጋዘን ውስጥ ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እናቴ ደወለች፤ ስልኩን ሳነሣ ሰላምታም አልነበረም፣ ጭብጨባና «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» የሚል ዜማ ብቻ ተሰማኝ። እኔ በአንድ እጄ የካርቶን ዝርዝር ይዤ፣ በሌላው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ በሠራተኞቹ ፊት እንባዬ መጣ። ይሁንና ሥራው አላለቀም፤ ቤት የገባሁት ከሁለት ቀን በኋላ፣ ልጄ ከእንቅልፏ ሳትነሣ ነበር፤ ደብተሩንም አወጣሁና «እማዬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የቆመችው? ምን ይዛ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ዝናቡ ሲያባራ ነው።»

«ዝናቡ ያባራው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ልጄ፣ ቆመች አልኩህ እኮ» አለችኝ።

ያንን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ዛሬም ባዶ ነው። ደብተሩን ወደ ኋላ ስመለከተው የክብደቱና የክትባቱ ዓምድ የዘጠኝ ወሩም የአሥራ አምስት ወሩም ሳይቀር ሙሉ ነው፤ እሷ ግን እዚያ የለችም። ያለችው በጠባቡ ዓምድ ውስጥ፣ ግማሹ እርስ በርሱ ተደራርቦ በማይነበብ ጽሕፈት ነው፤ «ጥላዋን ፈራች»፣ «ለበርበሬ ይቅርታ ጠየቀች»፣ «የቤቱን ቁልፍ ሽንት ቤት ጨመረች»። ዓምዱን ሰፋ አድርጌ ባለማስመሬ አሁን እቆጫለሁ።

የዘንድሮዋን ልጅ ለማታውቋት ጠዋታችንን ልንገራችሁ። ሥራ የምገባው በ2፡30 ነው፤ ባጃጁ 2፡00 ላይ በር ይቆማል። እሷ ግን እስከ ቅያሱ መታጠፊያ ሳትሸኘኝ እንድሄድ አትፈቅድም፤ ለመሸኘት ደግሞ ጫማ ያስፈልጋል፤ ጫማውን የምታደርገው ራሷ ናት። ደፉ ላይ ትቀመጥና የግራውን ጫማ ለቀኝ እግሯ ታነሣለች። ጣቶቿ ይገባሉ፣ ተረከዟ ውጭ ይቀራል፤ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ በሁለት እጇ ትስባለች፤ ጫማው ያመልጣትና ወደ ኋላ ትንጋለላለች። እጄን ስዘረጋ «እኔ!» ትላለች። እንደገና ጣት፣ እንደገና ተረከዝ። በየመሐሉ ቀና ብላ የምታየኝ እርዳታ ፈልጋ እንዳይመስላችሁ፤ እንዳልረዳት እየጠበቀችኝ ነው። የባጃጁ ሹፌር ጥሩምባውን ይነፋል። በመጨረሻ ሁለቱም ጫማዎች ያለ እግራቸው ይገቡና፣ እንደ ዳክዬ እየተንገዳገደች በሩ ድረስ በኩራት ትራመዳለች፤ እዚያም ቁጭ ትልና ሁለቱንም ታወልቃለች። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ አካባቢ እናደድ ነበር፤ አሁን ሃያ ደቂቃ ቀድሜ እነሣለሁ፤ መፍትሔው ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ለመረዳት ሦስት ወር መፍጀቴ ግን ያሳፍረኛል።

እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እንሄዳለን። እዚያ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲገፍፉና ሲዘለዝሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈው ራስና አንጀት እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። ወፎቹ ከእሷ ይረዝማሉ፤ ራሰ በራ፣ ጥቁር ካባ የደረቡ የሚመስሉ፣ እንደ ሽማግሌ ረጋ ብለው የሚራመዱ ናቸው። ባለፈው ወር ከእጄ ሾልካ ወደ አንዱ ተጠጋችና «አባባ» አለችው፤ አባባ የምትለው ለካህናትና ለሽበታሞች ሁሉ ነው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን እንደለመደችው አንገቷን ሰበር አድርጋ ግንባሯን ለመስቀል ሰጠችው። የቀሚሷን ጀርባ ጨምድጄ ይዣለሁ፣ ምንቃሩ ግን ቀልድ አይደለም። አባ ኮዳው ለጥቂት ጊዜ ቁልቁል ተመለከታትና ዘወር ብሎ ሄደ። «አባባ እሺ አለ» ብላኝ እሷም ረክታ ተመለሰች።

በነገራችን ላይ በዚህች ከተማ ሦስት አዲስ ዓመት አለብኝ። አንደኛው ሐምሌ 1 የሚገባው የበጀት ዓመት ሲሆን፣ እንዳያችሁት ለማንም አልመኘውም። ሁለተኛው ዛሬ የምናከብረው ነው። ሦስተኛው በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ፊቼ ጨምበላላ ነው፤ ቀኑን የሚያውቁት ጨረቃንና ከዋክብትን የሚመለከቱት አያንቶዎች ናቸው፤ እነሱ ሳይናገሩ የግድግዳ ካላንደር አይነግራችሁም። በጨምበላላ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ሰላምታ ያቀርባሉ፣ ቡርሳሜም ይበላሉ። የጎረቤታችን ልጆች እሷን አስከትለው ከዞሩ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ያገኘችውን ሁሉ፣ የባንኩን ጥበቃ ሳይቀር፣ «አይዴ!» እያለች ስትቀበል ሰንብታለች። ቀን ሳይጻፍ ዘመን እንደሚቆጠር ከአያንቶዎች ቀድማ ያስተማረችኝ እናቴ ነበረች፤ «ዝናቡ ሲያባራ» ብላ።

ትናንት ማታ የሠፈሩ ሴቶች ልጆች ነጭ ለብሰው፣ ቄጠማና አደይ ይዘው ግቢያችን ገቡ። «አበባየሆሽ» ሲሉ የእኛዋ ከእናቷ ጉያ ወርዳ «ለምለም» አለች። ሲጨርሱም «ለምለም»፣ ባለቤቴ ስትመርቃቸውም «ለምለም»፣ ውሻው ሲጮኽም «ለምለም»። አንዷ ትልቅ ልጅ እጇን ይዛት እስከ ሦስተኛው በር ድረስ አብራ ዞረች፤ እኔ በጨለማው ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ስትመለስ ጭብጧን አልፈታም አለች፤ በግድ ስናየው ጭምድድ ያለ አሥር ብር ነው። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት፤ «ጳጉሜ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ልዩ ልዩ ገቢ፣ 10 ብር»። ደመወዝ በሌለባት ወር ገቢ ያገኘ ከቤታችን እሷ ብቻ ናት።

ይህን ደስታዬን ሳወራ፣ ልጅ እየለመኑ ዓመት የሚቆጥሩ፣ ልጃቸውን ያጡ፣ ወይም ልጃቸውን አያት ጋ ትተው በሰው አገር የሚሠሩ ወዳጆች ከእናንተ መካከል እንዳሉ አልዘነጋሁም። ለእናንተ የሚሆን ጥሩ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም፤ ስማችሁን አንድ በአንድ ግን ዛሬ ጠዋት ጠርቻለሁ። በዚህ ዓመት ልትወልዱ ያላችሁ፣ ማርያም ትማራችሁ። አባት የምትሆኑ ደግሞ ከዓመት ፈቃዳችሁ ላይ ካሁኑ ቆጥቡ፣ ሦስት ቀን አይበቃም።

ከጠረጴዛው ሥር ወጥታለች። ትናንት የተማረችው ሌላ ጨዋታ አለ፤ አሁን መጋረጃው ውስጥ ገብታ ሆዷ ወደ ፊት ተቆዝሮ፣ ከታች ሁለት ያለ እግራቸው የገቡ ጫማዎች ይታያሉ። ዶሮው ታርዷል፣ ቡናው ተቆልቷል፣ ባለቤቴ ጠረጴዛውን እንድለቅላት ሁለት ጊዜ ተጣርታለች። «ኩኩሉ!» አልኩ። «አልነጋም!» አለች። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ «ኩኩሉ!» አልኩ፤ በዚህ ጊዜ «ነጋ» ማለት እንዳለባት ከትናንት ጀምሮ አምስት ጊዜ አስረድቻታለሁ።

«አልነጋም!»