ወራጅ አለ

ዛሬ ደብሮኛል። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀው። እሁድ ከሰዓት ሲሆን እንዲህ ያደርገኛል፤ ነገ ሰኞ መሆኑ ነው መሰለኝ። ታላቄ ደጋግማ ደውላለች፣ አላነሳሁላትም። ባነሳ «ምን ሆነሽ ነው?» ትላለች፣ ምንም አልሆንኩም።

እንዲህ ስሆን የምከፍተውን ታውቃላችሁ። ኦፔት፣ ሮያል አልበርት ሆል። ያ እናንተ «የሚያጓራው ሰውዬሽ» የምትሉት። በጆሮ ማዳመጫ ነው የምሰማው፤ በስፒከር ከለቀቅኩትማ እትዬ በር ያንኳኳሉ።

ለማያውቀው ባጭሩ። ኦፔት ባንድ ናቸው፣ ስዊድኖች፣ የስቶክሆልም ልጆች። ከሜታል ተነስተው ቀስ በቀስ ወደ ሰባዎቹ ፕሮግረሲቭ ሮክ ያዘነበሉ። በፈረንጆቹ 2010 ሃያኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ለንደን ሄደው ሮያል አልበርት ሆል በሚባለው አዳራሽ ሦስት ሰዓት ገደማ ተጫወቱ። በመጀመሪያው ክፍል «ብላክዋተር ፓርክ» የሚባለውን የ2001 አልበማቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድ ዘፈን ሳይዘሉ። ከእረፍት በኋላ ደግሞ ከቀሩት ስምንት አልበሞች አንድ አንድ ዘፈን፣ በወጡበት ቅደም ተከተል፣ ከ1995 እስከ 2008። እኔ የምወደው ይሄን ሁለተኛውን ነው። መጀመሪያ ላይ ያላቸውን ሁሉ አንድ ዘፈን ውስጥ ለመክተት ሲጣደፉ ትሰማላችሁ። እየቆዩ ሲሄዱ ይረጋጋሉ። «ሆፕ ሊቭስ» ጋ ሲደርሱ ጩኸት የለም፣ ጥድፊያ የለም፣ አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ የለም።

ኮንሰርቱ በአልበም ሲወጣ የሠሩለት ሽፋን ራሱ ቀልድ ነው። ዲፕ ፐርፕል የሚባሉት የእንግሊዝ ሮክ ባንድ በ1969 እዚያው አዳራሽ ከኦርኬስትራ ጋር ተጫውተው ያወጡት የታወቀ አልበም አለ፤ የሱን ሽፋን አስመስለው ነው የሠሩት። ራሱ ላይ መሳቅ የሚችል ሰው ደስ ይለኛል።

አዳራሹም ታሪክ አለው። በ1871 ነው የተከፈተው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በሟች ባሏ ስም የሰየመችው። ጣሪያው ጉልላት ስለሆነ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ ይመለስ ነበር። «እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ ሥራውን ሁለቴ እንደሚሰማ እርግጠኛ የሚሆንበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር አሉ። መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ1969፣ «እንጉዳይ» የሚሏቸውን ትልልቅ ክብ ነገሮች ጣሪያው ሥር ሰቅለው ማሚቶውን አስታገሱት።

አንዴ የኮንሰርቱን ቀን ወደኛ አቆጣጠር መልሼ ነበር። ኤፕሪል 5፣ ሰኞ። መጋቢት 27 ቀን 2002 ዓ.ም. ማለት ነው። የዚያን ዓመት የነሱም የኛም ፋሲካ አንድ ቀን ነው የዋለው፣ ስለዚህ የፋሲካ ማግስት ነበር፣ ያውም የመድኃኔዓለም ዓመታዊ በዓል። እነዚህ ሰዎች ለንደን ላይ ያንን ሁሉ ሲያወርዱት እኔ እናቴ ቤት ከቀዝቃዛ ዶሮ ወጥ ጋር ስታገል ነው የምገኘው። የሁለት ወር ጾም በአንድ ቀን ሲካካስ ሰውነት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ግን ጆሮዬ የቀረው በዘፈኖቹ መሃል ነው። ዘፋኙ፣ ሚካኤል ኦከርፌልት፣ ሲያጓራ ጉድጓድ ውስጥ የገባ በሬ ይመስላል። ዘፈኑ ያልቃል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ከዚያ ያው ሰውዬ ዝቅ ባለ፣ ትንሽ የሚያፍር በሚመስል ድምፅ ያመሰግናል። ይቀልዳል፣ ራሱን ያማል። ሰዉ ይስቃል። ከዚያ ተመልሶ ያጓራል። አንድ ጉሮሮ ነው። «ዘ ድሬፐሪ ፎልስ» ላይማ እዚያው ዘፈን ውስጥ ሲያባብል ቆይቶ፣ ምንም ሳያስጠነቅቅ ያወርደዋል። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አሁንም ያስደነግጠኛል።

እና ዝም ብዬ ጋደም ባልኩበት አንድ ነገር መጣብኝ። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ የጮህኩት መቼ ነው?

መናደድማ እናደዳለሁ። መጮህ ነው ያልኩት። ድምፅ አውጥቶ፣ ሰው ዞር ብሎ እስኪያይ። ባስበው ባስበው ትዝ አይለኝም።

ታክሲ ውስጥ እንኳ ወራጅ አለ ማለት አልችልም። እየቀለድኩ አይደለም። ሁለት ቃል ነው፣ ሕፃን ይለዋል። ከሜክሲኮ ስሳፈር ጀምሮ አስበዋለሁ። መውረጃዬ ሲቃረብ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ለራሴ ብቻ የሚሰማ «ወራጅ…» ይወጣል። ረዳቱ ብር ይቆጥራል። ሬዲዮው ስለ አርሰናል ያወራል። ታክሲው ያልፋል። ደግነቱ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አይቶ ያዝንልኛል፤ «እዚህ ጋ ወራጅ አለ!» ይልልኛል። አንድ ቀን ያለልኝ የኬጂ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ነው፣ አፉ ዙሪያ ማስቲካ ተለጥፎበታል። አመስግኜው ወረድኩ። እሱም አልሰማኝም።

መሥሪያ ቤትም ያው ነው። ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አነሳለሁ፣ ሁሉም ስልኩን ያያል። ትንሽ ቆይቶ ያ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ያንኑ ሐሳብ ጮክ ብሎ ይለዋል። «በጣም ጥሩ ነጥብ!» ይባላል። የአልበርት ሆል ማሚቶ ቢያንስ የባለቤቱን ስም አይቀይርም ነበር።

የሚገርማችሁ እኮ ልጅ እያለሁ አውጪ ነበርኩ። በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ የማወጣው እኔ ነኝ። ከበሮው የታላቄ ነው፣ ሌሎቹ ለምለም እያሉ ይቀበላሉ። ድምፄ ታች ሰፈር ይደርስ ነበር፤ ከኛ ግቢ ስንነሳ የታች ሰፈር ሰዎች ዳቦና ሳንቲም አዘጋጅተው ይጠብቁን ነበር ትላለች እናቴ፣ ትንሽ ጨምራበትም ሊሆን ይችላል። ያቺ ልጅ የት ሄደች? «ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሴት ልጅ አይደለሽ እንዴ» የሚለው ነው የወሰዳት ብዬ ልደመድም ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱ ነበር የሚባለው። ግን ታላቄም እዚያው ቤት ነው ያደገችው፣ እሷም እኩል ተብላለች፣ እሷ ዛሬ በስልክ ስታወራ ስልኩ ራሱ አያስፈልጋትም። ስለዚህ እሱም አልሆነ።

ኦከርፌልትም ትቶት ነበር፣ ታውቃላችሁ? ከዚህ ኮንሰርት በኋላ አልበም ላይ ማጓራት አቆመ። ከ2011 እስከ 2019 አራት አልበም አወጡ፣ አንዱም ላይ የለም፤ መድረክ ላይ የድሮዎቹን ሲጫወቱ ካልሆነ በቀር። ስንቱ አድናቂ አኮረፈ። ከዚያ በ2024 «ዘ ላስት ዊል ኤንድ ቴስታመንት» ላይ ሰውዬው ሃምሳ ዓመት ሞልቶት መልሶ አጓራ! ዝገት የለ፣ ምን የለ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዛሬ ግን ቀናሁበት።

ነገሩ ደግሞ ብልሃት አለው። የሚያውቁበት ሰዎች ጉሮሯቸውን ቀደው አይጮኹም። ትንፋሹ ከሆድ ነው የሚመጣው። የሚያርገበግቡት ደግሞ ከዋናዎቹ የድምፅ አውታሮች በላይ ያሉትን፣ «ሐሰተኛ» የሚባሉትን ነው። ድምፁም እንደሚመስለው ኃይለኛ አይደለም፣ ብዙውን የሚሠራው ማይኩ ነው። ሐሰተኛ አውታር። እኔ እውነተኛውም አልሠራልኝ።

እንግዲህ ሞከርኩት። ምን ላድርግ፣ እሁድ ነው። ጆሮ ማዳመጫውን አወለቅኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፣ አየር ወደ ሆዴ ሳብኩ። መጀመሪያ ሳል ወጣ። ቀጥሎ ግሣት ነገር፣ ይቅርታ። መስታወቱ ፊት ለፊቴ ስለሆነ ራሴን አይቼ ሳቄ መጣ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። በኋላ ግን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ መጣ! ከታች የተነሳ፣ ወፍራም፣ የኔ የማይመስል ድምፅ። ምን ብዬ እንዳጓራሁ ብትጠይቁኝ፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም፣ ወራጅ አለ ነው ያልኩት። ጎትቼ። አለ የሚለው ላይ መስኮቱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

ወዲያው በር ተንኳኳ።

እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን እንደ ነገሩ ጣል አድርገዋል፣ በአንድ እጃቸው ቢጫ ባልዲ ይዘዋል። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ግን ፈክቷል።

«ልጄ፣ ውሃ መጣ እንዴ? ቧንቧው ሲያጓራ ሰማሁ እኮ!»

ምን ልበል? «አይ እትዬ፣ እኔ ነኝ» ይባላል? ከሄደ ሰንብቶ የለ፣ እሳቸው ደግሞ ባልዲውን እንዲያ አቅፈው እያዩኝ።

«ይመስለኛል እትዬ» አልኩ። እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ። ይሄኛውን ግን ሰሙት።

አሁን ግቢው በሙሉ ወጥቷል። እትዬ ለጎን ተከራዮች ነገሩ፣ እነሱ ለጓሮዎቹ፣ የጓሮዎቹ ለአጥር ጎረቤት። ጀሪካን ከባልዲ ሲጋጭ ይሰማኛል። አንዷ ልብሷን በኦሞ መዘፍዘፍ ጀምራለች። ሰልፉ ላይም ማን ቀደመ ማን የሚል ንትርክ ተነስቷል፣ የሁሉም ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ እግዜር ሲሰጥ። ውሃ አለመምጣቱን አንድ ሰው ወጥቶ ጮክ ብሎ ሊነግራቸው ይገባል። ማን ይንገራቸው?